የበዓሉ ማግስት፦ ሲንድ በማርች 24

ፓኪስታን በየዓመቱ ማርች 23 ትልቅ በዓል አላት። ወታደራዊ ሰልፍ፣ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጄት፣ ሜዳሊያ፣ ባንዲራ። በማግስቱ ደግሞ ከሃይደራባድ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዱቦ በሚባል ቦታ፣ በጣም አነስ ያለ ስብስብ አለ። ሰዎች መቃብር ላይ አበባ ያኖራሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ፣ መፈክር ያሰማሉ። የሚታሰበው ሰው ሆሽ መሐመድ ሺዲ ይባላል። ሕዝቡ ሲያቆላምጠው "ሆሹ" ይለዋል። ማርች 24 ቀን 1843 እዚያው ሜዳ ላይ እንግሊዞችን ሲዋጋ ወደቀ።

የሲንድን ታሪክ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ይህቺ ቀን ትመቻለች። ከ1843 በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሳ መጥታለችና፦ በ1940፣ በ1947 እና በ1981። በሦስቱም ጊዜ ውሳኔው የተሰማው ከሲንድ ውጭ ነው። መገጣጠሙ እርግጥ አጋጣሚ ነው፤ ቀን በራሱ ምንም አያደርግም። ግን አራቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ሲንዲዎች ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ለምን ዛሬም እንደሚነታረኩ ይገባዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ማርች 24 በዚህ ዘመን መጋቢት 15 ላይ ይውላል።)

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ሲንድ ዛሬ ከፓኪስታን አራት ክፍለ ሀገራት አንዷ ናት። ኢንደስ ወንዝ ፑንጃብን አቋርጦ ወደ ዓረብ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚያጠጣት የታችኛዋ ምድር ናት። ዋና ከተማዋ ካራቺ ነው። ከ4,000 ዓመት በፊት የነበረችው የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ ፍርስራሽም እዚያው ነው። ዝናብ እምብዛም ስለሌለ እርሻው የሚኖረው ከወንዙ በሚጠለፍ ውሃ ነው። ወንዙ ከቀረ በረሃ ነው።

እንግሊዞች ሲመጡ አገሩን የሚገዙት ታልፑር የሚባሉ፣ ከባሉች ብሔረሰብ የሆኑ ቤተሰብ ነበሩ። በ1783 ሥልጣን ያዙና ለሦስት ተካፈሉት፦ የሃይደራባድ፣ የኻይርፑር እና የሚርፑር ቤት። ገዥዎቹ "ሚር" ይባላሉ። ሃይደራባድ ላይ መጀመሪያ አራት ወንድማማቾች አብረው ነበር የሚገዙት። ላዩን ሲያዩት ደስ ይላል። ጠላት ሲመጣ ግን አንድ ንጉሥ ከማታለል ይልቅ ብዙ ሚሮችን ማናቆር ይቀላል። የሆነውም ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ህንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዞች የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ መጀመሪያ የፈለገው ወንዙን ነበር። በ1832 ውል ተፈረመ፦ የንግድ ዕቃ በኢንደስ ይለፍ፣ ጦርና የጦር መሣሪያ ግን አይለፍ። ውሉ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም። እንግሊዝ አፍጋኒስታንን ለመውረር ስትነሳ ሠራዊቷን በሲንድ አሳለፈች። በ1839 ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ካራቺን በመርከብ መድፍ ደብድባ ያዘች።

ከዚያ አፍጋኒስታን ላይ ጉድ ሆነች። በ1842 መጀመሪያ ከካቡል ያፈገፈገው ጦሯ ከሞላ ጎደል አለቀ። ይህ ሁሉ ውርደት የሚወጣበት ቦታ ይፈልግ ነበር። ቀድሞ የቦምቤይ ገዥ የነበረው ማውንትስቱዋርት ኤልፊንስተን ነገሩን ሲገልጸው፣ መንገድ ላይ በእርግጫ ተመትቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን የሚደበድብ ጉልበተኛ ያስታውሰኛል ብሏል። እንግሊዛዊ ስለ እንግሊዝ ከተናገረው ውስጥ ይህን የሚያክል ሐቀኛ ቃል ጥቂት ነው።

ለሥራው የተላከው ቻርልስ ናፒየር የሚባል ጄኔራል ነው። በ1842 ሴፕቴምበር ሲንድ ሲደርስ 60 ዓመቱ ነበር። በግል ማስታወሻው ላይ ሲንድን የመያዝ መብት የለንም፣ ግን እንይዛታለን፣ ጠቃሚና ሰብዓዊ የሆነ የወሮበላ ሥራም ይሆናል ብሎ ጽፏል። ቢያንስ ለራሱ አልዋሸም። የፖለቲካ ወኪል የነበረው ጄምስ አውትራም ግን ወረራውን አጥብቆ ተቃወመ። ከድሉ በኋላ የደረሰውን 3,000 ፓውንድ የምርኮ ድርሻም ለበጎ አድራጎት ሰጠ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለዓመታት በጽሑፍ ሲሞላለጩ ኖሩ።

ሚሮቹ መሬት የሚያስለቅቅ አዲስ ውል እንዲፈርሙ ተገደዱ። ፈረሙም። ሕዝቡ ግን አልፈረመም። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1843 የባሉች ተዋጊዎች ሃይደራባድ ያለውን የአውትራምን መኖሪያ አጠቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሚያኒ ላይ ዋናው ጦርነት ሆነ። ናፒየር የነበረው ከ3,000 የማይሞላ ወታደር ነው። መድፉና የተኩስ ሥርዓቱ ግን በቂ ሆነ። የሃይደራባድ ሚሮች እጃቸውን ሰጡ፣ ግምጃ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ራሳቸውም ወደ ህንድ ተጋዙ። የኻይርፑሩ ሚር አሊ ሙራድ አስቀድሞ ከእንግሊዞች ጋር ወግኖ ነበርና ግዛቱን ይዞ ቀረ።

የቀረው የሚርፑሩ ሼር መሐመድ ነው። ለሚያኒ አልደረሰም ነበር። ተበትኖ የነበረውን ሰው ሰበሰበና ዱቦ ላይ ደረቅ ቦዮችን ምሽግ አድርጎ ጠበቀ። ማርች 24 ናፒየር 5,000 ያህል ወታደር ይዞ መጣ። የሼር መሐመድን ጦር ከ20,000 በላይ አድርጎ ነው የጻፈው፤ አሸናፊ ጠላቱን ሲቆጥር መቼም አይሰስትም። ውጊያው የወሰደው ጥቂት ሰዓት ነው። ሼር መሐመድ አምልጦ በረሃ ገባ፣ ጁን ላይ እንደገና ተሸነፈ። የጦር መሪው ሆሹ ግን ከሜዳው አልወጣም። "መርሱን መርሱን፣ ሲንድ ና ዴሱን" እያለ ነው የወደቀው ይባላል። እንሞታለን እንሞታለን፣ ሲንድን ግን አንሰጥም ማለት ነው። ዛሬ ይህን መፈክር ብሔርተኛውም፣ የመንግሥት ፓርቲውም፣ ለውሃ የሚሰለፈው ገበሬም ይጠቀምበታል።

ሆሹ ማን ነበር? "ሺዲ" በሲንድ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ ስም ነው። በዚያ አካባቢ "ሐብሺ" የሚልም አለ። እዚህ ላይ "በቃ የእኛ ሰው ነው!" ለማለት የሚቸኩል አንባቢ አይጠፋም። ረጋ እንበል። ከኢትዮጵያ ሄዶ በህንድ ምድር ትልቅ የጦር መሪ የሆነ ሰው አለ፤ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር። እሱ ግን የኖረው በደቡብ ህንዱ ዴካን ነው፣ ከሲንድ በጣም ሩቅ። የሲንድ ሺዲዎች አያቶች አብዛኞቹ ከዛንዚባርና ከዚያ አካባቢ የባሕር ዳርቻ ተይዘው፣ በሙስካት ገበያ አልፈው፣ ሲንድ የተሸጡ ናቸው። የሆሹን ጀግንነት ለማድነቅ ዘመድ ማድረግ አያስፈልገንም።

ሺዲዎች በታልፑሮች ግቢ ሎሌ፣ ዘበኛና ወታደር ነበሩ። ሆሹም ያደገው እዚያው የሚሮቹ ቤት ነው። ልብ በሉ፦ ሚሮቹ ፈርመው እጅ ሲሰጡ "አልሰጥም" ያለው፣ እነሱ ገዝተው ካመጧቸው ሰዎች የተወለደ ሰው ነው። ሌላም የሚጎረብጥ ነገር አለ። ዱቦ ላይ ከተዋጉ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1843፣ ኩባንያው በግዛቶቹ ያሉ ፍርድ ቤቶች የባርያ ባለቤትነትን እንዳይቀበሉ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሆሹ የሞተው ወራሪውን ሲከላከል ነው። የወገኖቹን ባርነት የሚያላላው ሕግ የመጣው ደግሞ ከዚያው ወራሪ ነው። ናፒየርን ደግ አያደርገውም፤ አገር የሰረቀ አገር ሰርቋል። ግን የታልፑሮችን ዘመን እንደ ጠፋች ገነት የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ጠይቁት።

ዛሬ ሺዲዎች በባዲን፣ በሃይደራባድ፣ በካራቺው ሊያሪ ሰፈር ይኖራሉ። ሙጋርማን የሚሉት ትልቅ ከበሮ አላቸው። ካራቺ ጫፍ ላይ፣ ማንጎፒር በሚባል ቦታ፣ አዞዎች የሚኖሩበት ኩሬ ካለው የቅዱስ መቃብር አጠገብ የራሳቸውን ክብረ በዓል ያከብራሉ። ከታንዶ ባጎ የወጣው መምህርና ጸሐፊ መሐመድ ሲዲቅ ሙሳፊር የወገኖቹን የባርነትና የነፃነት ታሪክ በሲንዲ ቋንቋ ጽፎ አስቀምጧል። በ2018 ታንዚላ ቀምብራኒ የሲንድ ምክር ቤት ስትገባ ለሺዲ ሴት የመጀመሪያው ነበር። ከዱቦ ጦርነት 175 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ናፒየር እስከ 1847 ገዛ። ከዚያ ሲንድ የቦምቤይ አስተዳደር ቅጥያ ሆነች። ቦምቤይ ደግሞ ሩቅ ናት፣ ቋንቋዋም ሌላ ነው። በዚህ ዘመን ጥሩም መጥፎም ሆኗል። በ1853 ለሲንዲ ቋንቋ በዓረብኛ ላይ የተመሠረተ ባለ 52 ሆሄ ፊደል ተወሰነ። በ1861 ካራቺን ከኮትሪ ጋር የሚያገናኝ ባቡር ሥራ ጀመረ። በ1932 ሱኩር ላይ ወንዙን የሚጠልፍ ግዙፍ ግድብ ተመረቀ። የመሬቱ ባላባት አብዛኛው ሙስሊም ነው። ነጋዴው፣ አራጣ አበዳሪውና የቢሮ ሠራተኛው ባመዛኙ ሂንዱ። ባላባቱ ይበደራል፣ መሬቱን ያስይዛል፣ አንዳንዴም ያጣዋል። ነገ የሚፈነዳው ቂም እዚያ ነው የተቋጠረው። ሲንድ ከቦምቤይ ትለይ የሚለውን ሐሳብ በ1913 ያነሳው ሃርቻንድራይ ቪሺንዳስ የሚባል ሂንዱ ፖለቲከኛ ነበር። ኋላ ላይ ግን ብዙ ሂንዱዎች በተለየች ሲንድ ውስጥ አናሳ እንሆናለን ብለው ፈሩ። ኤፕሪል 1 ቀን 1936 ሲንድ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ሆነች።

አራት ዓመት ሳይቆይ ሁለተኛዋ ማርች 24 መጣች። ላሆር ላይ የህንድ ሙስሊሞች ፓርቲ የሆነው የሙስሊም ሊግ ጉባኤ ነበር። የቤንጋሉ ፋዝሉል ሃቅ ማርች 23 ውሳኔውን አቀረበ፣ ከደጋፊዎቹ አንዱ የካራቺው አብዱላ ሃሩን ነበር፣ የጸደቀው ደግሞ በማግስቱ ማርች 24 ቀን 1940 ነው። ፓኪስታን በዓሉን የምታከብረው በቀረበበት ቀን ነው። "ፓኪስታን" የሚለው ስም ጽሑፉ ውስጥ የለም። ያለው ሐረግ የሚከተለው ነው፦ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው የሰሜን ምዕራብና የምሥራቅ አካባቢዎች "ነፃ መንግሥታት" ይሁኑ፣ በውስጣቸው ያሉት ክፍሎችም ራስ ገዝና ሉዓላዊ ይሁኑ። መንግሥታት፣ በብዙ ቁጥር። ቀጥሎ ያለው የ80 ዓመት ጭቅጭቅ መነሻው እዚህ ነው።

በዚያ ሳምንት ሲንድ ራሷ ትርምስ ላይ ነበረች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አላህ ባክሽ ሱምሮ ከሥልጣን ወርዶ ሚር ባንዴ አሊ ኻን ታልፑር ተተክቶ ነበር። አዎ፣ ታልፑር፤ ከዚያው ቤተሰብ። ሱምሮ ግን ዝም አላለም። በኤፕሪል ዴልሂ ላይ ክፍፍሉን የሚቃወሙ ሙስሊሞችን ታላቅ ጉባኤ መራ። በ1942 እንግሊዝ የሰጠችውን ማዕረግ ሲመልስ ገዥው ከሥልጣን አባረረው። በሜይ 1943 ሺካርፑር ውስጥ ተገደለ። "ሲንዲ ሙስሊሞች በአንድ ድምፅ ፓኪስታንን ፈለጉ" ለሚል ሰው የሱምሮ ስም በቂ መልስ ነው።

በተቃራኒው ወገን ጂ. ኤም. ሰዪድ ነበር። ማርች 3 ቀን 1943 የሲንድ ምክር ቤት የላሆርን ውሳኔ እንዲደግፍ ሐሳቡን ያቀረበው እሱ ነው፤ ከክፍለ ሀገራት ምክር ቤቶች ሲንድ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሰዪድ ቃሉን እንደተጻፈው ነው የወሰደው። ሲንድ ራሷን የቻለች፣ ሉዓላዊ ትሆናለች ብሎ። በ1946 ከሊጉ መሪ ከጂና ጋር ተጣልቶ ወጣ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ሊጉ ዴልሂ ውስጥ ተሰብስቦ "መንግሥታት"ን ወደ አንድ መንግሥት ቀየረው። ሰዪድ ቀሪ ዕድሜውን በእስርና በቁም እስር መካከል ጨረሰ። ኋላም ነፃ የሲንድ አገር ይመሥረት የሚለውን ጥያቄ በይፋ አነሳ። በ1995 ሲሞትም በቁጥጥር ሥር ነበር። ፓኪስታን እንድትወለድ ድምፅ ያሰባሰበውን ሰው ፓኪስታን ራሷ ለአሥርት ዓመታት አሰረችው።

ሦስተኛዋ ማርች 24 አጭር ናት። በ1947 በዚያ ቀን ዴልሂ ላይ ሎርድ ማውንትባተን የመጨረሻው የህንድ እንደራሴ ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ሥልጣን አስረክቦ እንዲወጣ ለንደን እስከ ጁን 1948 ጊዜ ሰጥታው ነበር። እሱ ወደ ኦገስት 1947 አመጣው። ያ ጥድፊያ ፑንጃብ ላይ ያስከተለው እልቂት የታወቀ ነው። የሲንድ ጉዳት ግን ሌላ ዓይነት ስለሆነ ብዙም አይወራለትም።

ፑንጃብና ቤንጋል በህንድና በአዲሷ ፓኪስታን መካከል ለሁለት ተከፈሉ። ሲንድ አልተከፈለችም። ጁን 26 ምክር ቤቷ በ33 ለ20 ድምፅ ፓኪስታንን መረጠ፣ በሙሉዋ ሄደች። ጥሩ ዜና ይመስላል። ግን አስቡት፦ ከላሆር የተሰደደ ሂንዱ ወይም ሲክ ቢያንስ በህንድ በኩል የቀረ ፑንጃብ አለው፣ ቋንቋውም ገጠሩም እዚያ አለ። ከሕዝቡ ሩብ ያህል የነበሩት የሲንድ ሂንዱዎች ግን ህንድ ውስጥ የሲንድ ቁራሽ እንኳ አልተረፋቸውም። መጀመሪያ ብዙዎቹ ለመቆየት አስበው ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 1948 ካራቺ ውስጥ ሲኮችና ሂንዱዎች ሲገደሉና ቤታቸው ሲዘረፍ ግን ተስፋ ቆረጡ። በመርከብ ወደ ቦምቤይ ጎረፉ። ከቦምቤይ ውጭ የነበረ የጦር ካምፕ ኡልሃስናጋር የሚባል የስደተኛ ከተማ ሆነ። ኩች በሚባል የህንድ አካባቢ ደግሞ ጋንዲዳም የተባለ አዲስ ከተማ ቆረቆሩ። ሲንዲ ቋንቋ በ1967 በህንድ ሕገ መንግሥት ዕውቅና አገኘ። የራሱ ክፍለ ሀገር ሳይኖረው ነው። የህንድ ብሔራዊ መዝሙርም እስከ ዛሬ "ሲንድ"ን ይጠራል።

በባዶ ቤታቸው የገቡት ከህንድ የመጡ ኡርዱ ተናጋሪ ሙስሊሞች ናቸው። ካራቺ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነች፣ ሲንዲ ተናጋሪውም በዋና ከተማው አናሳ ሆነ። በ1948 ካራቺ የፌዴራል ዋና ከተማ ትሁን ተብላ ከሲንድ ተቆረጠች። በ1955 ሲንድ እንደ ክፍለ ሀገር ጭራሽ ጠፋች። ምዕራብ ፓኪስታን ሁሉ አንድ አስተዳደር ሆነ ተባለ፣ እስከ 1970። "ራስ ገዝና ሉዓላዊ" የተባለው ይኸው ነው እንግዲህ። በ1972 የሲንድ ምክር ቤት ለሲንዲ ቋንቋ ቦታ የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ ካራቺ በኡርዱና በሲንዲ ተናጋሪዎች ግጭት ደም ፈሰሰባት።

አራተኛዋ ማርች 24 የጄኔራል ዚያ ናት። የጦር አዛዡ ዚያ በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዙልፊካር አሊ ቡቶን ገልብጦ በ1979 ሰቀለው። ቡቶ የላርካና፣ የሲንድ ልጅ ነው። ፍርዱ በ4 ለ3 ድምፅ ነው ያለፈው። ከሦስቱ ተቃዋሚ ዳኞች አንዱ ዶራብ ፓቴል ነበር። ማርች 24 ቀን 1981 ዚያ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት የሚባል አዋጅ አወጣ። ፍርድ ቤቶች የወታደራዊ አገዛዙን ሥራ መመርመር እንዳይችሉ አደረገ፣ ዳኞችም ለአዋጁ አዲስ መሐላ እንዲፈጽሙ አዘዘ። ዶራብ ፓቴልና ፋክሩዲን ኢብራሂም፣ ሁለቱም ቀድሞ በካራቺ ጠበቃ የነበሩ፣ አንምልም ብለው ወንበራቸውን ለቀቁ። የሕጉ በር እንዲህ ሲዘጋ ሰው መንገድ ላይ ወጣ። በ1983 የሲንድ ገጠር ለዴሞክራሲ ተነሳ፣ ጦሩ በጥይት መለሰለት፣ ብዙ ሰው ሞተ። በማርች 2024 የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቡቶ ፍትሐዊ ዳኝነት እንዳላገኘ አስተያየቱን ሰጠ። ከተሰቀለ 45 ዓመት ሊሞላው ሲል።

ይህን ሁሉ የያዘ ሰው በ2025 የሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። መንግሥት ከኢንደስ ሥርዓት ውሃ የሚወስዱ ስድስት ቦዮች ሊቆፍር ተነሳ። አንዱ በፑንጃብ ለሚገኘው ቾሊስታን በረሃ ነው። ከሩቅ ለሚያየው የመስኖ ፕሮጀክት ነው። ከወንዙ ግርጌ ላለችው ሲንድ ግን ያለ እሷ የተወሰነ ሌላ ውሳኔ ነው። የሲንድ ምክር ቤት በማርች በሙሉ ድምፅ ተቃወመ። ጠበቆች ሱኩር አካባቢ ዋናውን አውራ ጎዳና ዘግተው ተቀመጡ፣ የጭነት መኪና ተሰልፎ ቆመ። ኤፕሪል 28 የፌዴራሉና የክፍለ ሀገራቱ የጋራ ምክር ቤት ተሰብስቦ፣ ክፍለ ሀገራቱ ሳይስማሙ አዲስ ቦይ አይቆፈርም ብሎ ወሰነ። በ1991 የተፈረመው የውሃ ክፍፍል ስምምነት እንዴት ይተግበር የሚለው ጭቅጭቅ ግን አላለቀም። በየዘር ወቅቱ ውሃ ሲያንስ ሲንድና ፑንጃብ እንደገና ይጀምሩታል።